ድንበር የለሹን መንገድ ፍለጋ፦ ከጄኔቫ እስከ ካኦር

እሑድ፣ ጄኔቫ

የሌሊቱ በረራ ጄኔቫ ያረፈው ገና በማለዳ ነው። በፓስፖርት መቆጣጠሪያው ሁለት ሰልፍ አለ፤ አንዱ ለአውሮፓውያን፣ ሌላው ለተቀረው ዓለም። ከፊቴ የቆሙት እናት ነጠላቸውን በሹራባቸው ላይ አጣፍተው፣ የጥሪ ደብዳቤውን፣ የጉዞ መድኑንና የመመለሻ ቲኬታቸውን በላስቲክ ማኅደር ይዘዋል። ተራቸው ደርሶ ፖሊሱ ሲጠይቃቸው ቋንቋው አልገባቸውምና ዘወር ብለው አዩኝ። ጠጋ ብዬ አስተረጎምኩላቸው። ጥያቄው ለምን እንደመጡ ነበር።

"ልጄ ወልዳለች፤ ላርሳት ነው የመጣሁት በለው፣ ልጄ" አሉኝ።

ፖሊሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፤ አሻራቸውንና ፎቶግራፋቸውን ወስዶ አሳለፋቸው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብለውት ሄዱ።

እኔን ያመጣኝ ጉዳይ ለፖሊስ ለማስረዳት የእርሳቸውን ያህል አይቀልም። ለዓመታት የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ከመማሪያ መጽሐፉ "የዓለም ዜጋ" የሚል ሐረግ ሳነብ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ የዓለም ዜጋ መታወቂያውን የሚያወጣው ከየትኛው ቀበሌ ነው?" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እርሷ ግን የምሯን ነበር። ሐረጉን ከዚያ በኋላ በየስብሰባው፣ በየወጣቱ አፍ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄዋን ግን ማንም ሲመልስ አልሰማሁም። ስለዚህ ሰዎች ነገሩን በተግባር የሞከሩባቸውን ቦታዎች በእግሬ ልረግጣቸው ተነሣሁ፤ ጄኔቫን፣ ፓሪስን፣ በመጨረሻም በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የምትገኘውን ካኦር የተባለች ትንሽ ከተማ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ከሰዓት በኋላ ሮን ወንዝ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ወዳለችው ትንሽ ደሴት ሄድኩ። የፈላስፋው የዣን ዣክ ሩሶ ሐውልት እዚያ ነው። ሩሶ በዚህች ከተማ በ1712 ተወለደ፤ በጽሑፎቹም ላይ "የጄኔቫ ዜጋ" እያለ ይፈርም ነበር። በ1762 የከተማዋ ሹማምንት መጻሕፍቱን አቃጠሉበት፤ በዓመቱ ዜግነቱን በገዛ ፈቃዱ መለሰላቸው። ይኸው ሰው ስለ ዓለም ዜግነት የሰነዘረው ነቀፋ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጣል፤ ጎረቤቱን ከመውደድ ለማምለጥ ሲል ሩቅ ያሉትን ታታሮች የሚወድ ፈላስፋ አለ ይላል። ነቀፋውን ንቄ ማለፍ አልቻልኩም። ስለ ሰው ልጅ ሁሉ በየመድረኩ እየተናገረ፣ ቤቱ ውስጥ የምታገለግለውን ልጅ በስሟ የማይጠራ ሰው እኛም ዘንድ አይቻለሁ። በዚህ ጉዞ የማገኘው መልስ የሩሶን ፈተና የማያልፍ ከሆነ መልስ ነው ብዬ አልቀበለውም።

ሰኞ፣ ጄኔቫ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጄኔቫ ጽሕፈት ቤት የሆነው ፓሌ ዴ ናሲዮን በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፓስፖርት ነው። ያለ እርሱ አይገባም። ከፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ 12 ሜትር የሚረዝም፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ የእንጨት ወንበር ቆሟል። ዳንኤል ቤርሴ የተባለ የስዊዝ ቀራፂ በ1997 የሠራው፣ በፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች የቆመ ምልክት ነው። ከአጥሩ ውስጥ የአባል አገሮች ባንዲራዎች በሁለት ረድፍ ይውለበለባሉ። የእኛን ፈልጌ አገኘሁት። አስጎብኚዋ ስዊዘርላንድ ራሷ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ2002 እንደሆነ ስትናገር አብረውኝ የነበሩት ጎብኚዎች ተገረሙ።

እኔን ያቆመኝ ግን በመስታወት ውስጥ ያለ አንድ ወረቀት ነው፤ የናንሰን ፓስፖርት ይባላል። ፍሪድቾፍ ናንሰን የኖርዌይ ሰው፣ የሰሜን ዋልታ አሳሽ ነበር። በ1921 የሶቪየት መንግሥት ከአገር የወጡ ሩሲያውያንን ዜግነት ሲገፍ መቶ ሺዎች በአንድ አዋጅ አገር አልባ ሆኑ። በመንግሥታት ማኅበር የስደተኞች ኮሚሽነር የነበረው ናንሰን በ1922 መንግሥታትን አግባብቶ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን መታወቂያና መጓጓዣ ወረቀት አስፈቀደ። ከጊዜ በኋላ ከ50 በላይ መንግሥታት ተቀበሉት፤ ወደ 450 ሺህ ሰዎችም ያዙት። ሠዓሊው ማርክ ሻጋልና የሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪ ከእነዚያ መካከል ናቸው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፎቶግራፍ፣ ማኅተም፣ ከማኅተሙ አጠገብ የናንሰን መልክ ያለበት ቴምብር። አቅም ያለው ስደተኛ አምስት የወርቅ ፍራንክ ከፍሎ ያንን ቴምብር ያስለጥፋል፤ ገንዘቡ ለሌላቸው ስደተኞች ይውላል። ወረቀቱ ጉድለት ነበረበት፤ ይዞት የወጣ ሰው ወደ ሰጠው አገር የመመለስ መብት አልነበረውም። ቢሆንም ተማሪዬ ለጠየቀችው ቀበሌ ዓለም የቀረበችው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በ1924 ወረቀቱ ለአርመናውያንም ተፈቀደ። ያ ዓመት ለእኛም ትርጉም አለው። ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከዕልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆችን አዩ። አርባዎቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የመንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ፤ "አርባ ልጆች" የሚለው ስማቸውም ከዚያ ቀረ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1974 ድረስ የቆምንለትን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አገር የተነፈጉ ሰዎች ለእኛ የአገር መዝሙር ሰጡን። ይህን ለክፍል ተማሪዎቼ በነገርኩ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ከዚያ ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ዱፉር ጎዳና ወረድኩ። በዚህ ቦታ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የሚሰበሰብበት አዳራሽ ነበር፤ በ1964 ተቃጥሎ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ግራጫ ሲሚንቶ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹ እስኪወጡም ንጉሡ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዚያ ስለ መርዝ ጋዙ፣ ከሰማይ ስለሚዘንበው ሞት፣ ትንንሽ አገሮች የተሰጣቸው ቃል ስለመታጠፉ ተናገሩ። ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለውም ጠየቁ። በሳምንታት ውስጥ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ፤ መልሱ ያ ነበር።

ከሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ይህን አሰብኩ። ንጉሡ ምሕረት አልለመኑም፤ ውል ጠቅሰው መብት ጠየቁ። የዓለም ዜግነትን የጠየቀ መንግሥት ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ በእኛ ላይ የደረሰው እናንተንም ይመለከታችኋል ነው ያሉት። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አገሮች በአብዛኛው አይመለከተንም አሉ።

ማታ ፓኪ በሚባለው ሰፈር፣ እንጀራ ከሚሸጥበት ቤት፣ አንድ ሰው አማርኛዬን ሰምቶ "መምህር ነህ መሰለኝ፤ አነጋገርህ ያስታውቃል" ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ የጠራ ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡ ናቸው። በ1993 የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ እዚያው አዲስ አበባ ድምፅ ሰጠ። በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ያ ድምፅ የሌላ አገር ዜጋ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ተቆጠረበት። ሌሊት ከቤቱ ወሰዱት።

"ጎረቤታችን ባልቴት ነበሩ" አለኝ። "የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ ከፖሊስ ጣቢያው ደጅ መጥተው ጮኹ። ይህ ልጅ በእጄ ያደገ ነው፤ ዋስ እኔን ያዙኝ አሉ። ፖሊሱ፣ ይሂዱ እማማ፣ እርስዎን አይመለከትዎትም አላቸው።"

በአውቶቡስ ጭነው በቡሬ በኩል ወደ አሰብ ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ነው የነገረኝ፤ አስመራ፣ ሱዳን፣ ባሕር፣ ስዊዘርላንድ። ከደረት ኪሱ የስደተኛ የጉዞ ሰነዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለጠልኝ። ከኤርትራ በስተቀር ለሁሉም አገሮች ያገለግላል ይላል። ጣቱን "በስተቀር" በሚለው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ።

ይህን ያደረገው የእኔ አገር መንግሥት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ተባርረዋል፤ ኤርትራም በተራዋ ኢትዮጵያውያንን አባርራለች። እኔ ያን ጊዜ የሥነ ዜጋ ትምህርት አስተምር ነበር። ሆቴሌ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያሰብኩት ስለ ባልቴቲቱ ነው። በሌሊት ወጥተው ዋስ ሊሆኑ የጠየቁት እናት የሚገባ ወረቀት አልነበራቸውም፤ የትም አገር አልሄዱም፤ ስለ ዓለም ዜግነትም ሰምተው አያውቁ ይሆናል። ግን "አይመለከትዎትም" ሲባሉ ይመለከተኛል ያሉ እርሳቸው ናቸው። ሩሶም ቢሆን የእርሳቸውን ዓይነት ፍቅር ሊነቅፍ አይችልም።

ማክሰኞ፣ ወደ ፓሪስ

ከኮርናቫን ጣቢያ ወደ ፓሪስ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ባቡሩ ድንበሩን የት እንዳለፈ አላየሁም፤ የወንዙ ሸለቆ አንድ ነው፣ ላሞቹም አንድ ዓይነት ናቸው። የጉምሩክ ሠራተኞች በሠረገላው አልፈው የሁለት ሰዎችን ፓስፖርት ብቻ ጠየቁ። አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሌላው ጥቁር ወጣት። አላማርርም፤ ሰላምታ ሰጥተውኝ በአክብሮት መለሱልኝ። ግን ሠረገላው ሙሉ ነበር።

ረቡዕ፣ ፓሪስ

ትሮካዴሮ ከባቡሩ እንደወጣሁ የኤፌል ግንብ ፊት ለፊቴ ተገተረ። ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ሲያይ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደ ሻዮ ሕንፃ ደረጃዎች ዞርኩ፤ የመጣሁት ለእነርሱ ነው።

በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እዚህ ተሰብስቦ ነበር። ጋሪ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊም እዚህ ደረጃ ላይ አደረ። ዴቪስ ከጦርነቱ በፊት የመድረክ ተዋናይ ነበር። በጦርነቱ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ፤ ወንድሙ ጣሊያን ውስጥ ሳሌርኖ ላይ ሞተ፤ እርሱም የጀርመን ከተሞችን ደበደበ። ከጦርነቱ በኋላ ምን ያህል ሴቶችና ሕፃናት ገድያለሁ የሚለው ጥያቄ እረፍት ነሣው። በግንቦት 1948 ፓሪስ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ገብቶ ዜግነቱን መለሰ፤ ከእንግዲህ የዓለም ዜጋ ነኝ አለ። የፈረንሳይ የመኖሪያ ፈቃዱ ሲያበቃ ለጉባኤው ሲባል ዓለም አቀፍ ግዛት የተባለው ይህ ሕንፃ ነበርና እዚህ መጥቶ ተጠለለ። ከቀናት በኋላ አስወጡት። በኅዳር 19 (እንደ አውሮፓውያኑ) ከታዳሚዎች ሰገነት ላይ ተነሥቶ ጉባኤውን አቋርጦ መናገር ጀመረ፤ ጠባቂዎች ጎትተው ሲያወጡት ሮበር ሳራዛክ የተባለ የፈረንሳይ የፀረ ናዚ ተዋጊ ከሌላ ቦታ ተነሥቶ ንግግሩን ቀጠለለት። አልቤር ካሙና አንድሬ ብረቶን ከጎኑ ከቆሙት ጸሐፍት ነበሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በታኅሣሥ 10፣ በዚሁ ሕንፃ የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ጸደቀ። 48 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመ የለም፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ከእነዚህ መካከል ደቡብ አፍሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ ይገኛሉ። ኢትዮጵያ ደግፋለች።

መግለጫውን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ግን በጸደቀበት ቦታ ቆሜ እንደ አዲስ አነበብኩት። አንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው ከማንኛውም አገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 14 ጥገኝነት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 15 እያንዳንዱ ሰው ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መውጣት መብት ነው፤ የሚያስገባህ አገር ግን የለም፤ በሩን የመክፈት ግዴታ የተጣለበት ማንም አይደለም። ዜግነት መብት ነው፤ ከየትኛው መንግሥት እንደሆነ ግን አልተነገረም። ይህ ክፍተት የጽሑፍ ድክመት ብቻ አይመስለኝም፤ መንግሥታት ሆን ብለው ለራሳቸው ያስቀሩት ነው። ፓኪ ያገኘሁት ሰው ሕይወቱን በሙሉ የኖረው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ዴቪስ በ1954 "የዓለም ፓስፖርት" ማሳተም ጀመረ፤ በ2013 እስኪሞት ድረስም በየድንበሩ ታስሯል። ለእርሱ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ዜግነቱን ሊመልስ የቻለው ቀድሞ የነበረው ስለሆነ ነው፤ የሚመልሰው የሌለው ሰው ያንን ማድረግ አይችልም። አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቻችን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ በዚያ ወረቀት ተማምናችሁ ድንበር አትሞክሩ። በ2016 አንድ ታዋቂ አሜሪካዊ ድምፃዊ ኬፕ ታውን ላይ በእርሱ ሊጓዝ ሲሞክር ታስሯል፤ ስም ያለው ሰው ያልሠራለት ወረቀት ስም ለሌለው አይሠራም።

የአደባባዩ ስም "የሰብአዊ መብቶች አደባባይ" ነው። መሬቱ ላይ ሴኔጋላዊ ወጣቶች ትንንሽ የኤፌል ግንቦችን በነጭ አንሶላ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። የአንሶላው አራት ማዕዘኖች በገመድ ታስረዋል፤ የገመዶቹ ጫፍ ከሻጩ እጅ አይወጣም። ፖሊስ ሲመጣ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ዕቃው ሁሉ ተጠቅልሎ ትከሻው ላይ ይወጣል። አንዱን ግንብ ገዛሁት። ከየት ነህ ሲለኝ ነገርኩት፤ "አዲስ አበባ! የአፍሪካ ኅብረት!" አለና ዋጋውን ቀነሰልኝ።

ሐሙስ፣ ወደ ደቡብ

ከኦስተርሊዝ ጣቢያ እስከ ካኦር አምስት ሰዓት ያህል ነው። አብዛኛውን ተኛሁ። ስነቃ ሜዳው አልቆ ነጭ ድንጋያማ ኮረብታና የወይን ተክል ጀምሮ ነበር።

ዓርብ፣ ካኦር

ካኦርን የሎት ወንዝ በሦስት ጎን ከብቧታል። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የቫላንትሬ ድልድይ ሦስት ግንቦች አሉት፤ ጠላት እንዳይሻገር የተሠራ ነው። ድንበርን ለመጠበቅ እንዲህ ያለ ድንጋይ የደረደረች ከተማ በሐምሌ 30 ቀን 1949 (እንደ እነርሱ) ራሷን የዓለም ግዛት ብላ አወጀች። የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ ወሰነ፤ "ካኦር ሙንዲ" የሚል ስምም ወጣላት። ከሐሳቡ ጀርባ ከነበሩት አንዱ ያ ሻዮ ላይ የዴቪስን ንግግር የቀጠለው ሳራዛክ ነው። በአካባቢው ያሉ ከሁለት መቶ በላይ ትንንሽ ከተሞችና መንደሮች ተከተሏት።

ቻርተሩን ፈልጌ በሚገባ አነበብኩት። ልቤን የያዘው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከክልላችንና ከአገራችን ጋር ያለንን ፍቅር፣ ግዴታና መብት አንዳችም ሳንክድ፣ ከዓለም ማኅበረሰብ ጋር የተሳሰርን የዓለም ግዛት መሆናችንን በምሳሌነት እናውጃለን ይላል። ዴቪስ አገሩን መልሶ የዓለም ዜጋ ሆነ። የካኦር ሰዎች ደግሞ አገራቸውን እንደያዙ፣ ወይናቸውን እየጠመቁ፣ ድልድያቸውን እየጠገኑ ሆኑ። ሁለቱን አነጻጽሬ የምመርጠው የካኦርን ነው።

ለምን እዚህ ሆነ ብዬ የከተማዋን ታሪክ የምታውቅ ጡረተኛ መምህርት ጠየቅሁ። በሙያ ስለተዛመድን ቶሎ ተግባባን። "ጦርነቱ እዚህ ሩቅ አልነበረም" አለችኝ። በግንቦት 1944 የጀርመን ጦር ከዚህ በስተምሥራቅ ካለችው ፊጃክ ከ500 በላይ ወንዶችን ለቅሞ ወደ ካምፕ ጭኗል። ከመከራው አምስት ዓመት ያህል በኋላ ነው ሰዎቹ ይህን የፈረሙት። ዛሬ የልጅ ጨዋታ ነበር የሚሉ እንዳሉ ነገረችኝ። "አባቴ ፈርሟል፤ ወንድሙ ከካምፑ አልተመለሰም። አባቴ ልጅ አልነበረም" አለች።

ከካኦር ወደ ፊጃክ የሚወስደውን መንገድ "ድንበር የለሽ መንገድ ቁጥር 1" ብለው ሰየሙት፤ የምልክት ድንጋዮችም በየርቀቱ ተከሉ። የተረፉ አሉ። አንዱ ጋ ወሰደችኝ። ቁመቱ ከወገቤ አይበልጥም፤ ፊደሉ በዝናብ ተበልቷል፤ ጣቴን በጎድጓዳው ላይ አስኬድኩት። ዙሪያው ሣር ቢበቅልም አንድ ሰው እየመጣ እንደሚያጭድለት ያስታውቃል።

እኔም በተራዬ የእኛን ነገርኳት። በተወለድኩበት ገጠር መሽቶበት የመጣ መንገደኛ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ይላል። አባወራው ውሻውን ይይዝለታል፤ ውኃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፤ ራት ይቀርብለታል፤ አገሩን የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቤት አጥር አለው፣ ውሻ አለው፣ በርም አለው። የመሸበትን ሰው ማሳደር የቻለውም ቤት ስለሆነ ነው። መምህርቷ አስተርጓሚዋን ልጇን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማችኝና፣ "ቻርተሩን የጻፉት ይህን ቢያውቁ ኖሮ አጭር ያደርጉት ነበር" አለች።

የከተማ ሰዎች ሆነን ይህን ልማድ ማጣታችንንም ነገርኳት። አዲስ አበባ ውስጥ ከሶማሊያ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከየመን የመጡ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ስንቶቻችን በራቸውን አንኳኩተን እናውቃለን? ሕጋችን ከእኛ ይቀድማል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የጸደቀው በ1969 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኞች የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ሰጥቷል።

ቅዳሜ፣ ሳን ሲር ላፖፒ

ወደ ፊጃክ በሚሄደው አውቶቡስ በወንዙ ዳር ተጓዝኩ፤ ድንበር የለሽ የተባለው መንገድ ይኸው ነው። ቱር ዴ ፎር ወርጄ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። ሳን ሲር ላፖፒ ከሎት በላይ በገደል አፋፍ የተሠራች መንደር ናት፤ ቡናማ ጣራ፣ ጠባብ ድንጋያማ መንገድ፣ ብዙ ቱሪስት።

በሰኔ 1950 የዓለሙ መንገድ ሲመረቅ ከመጡት እንግዶች አንዱ ገጣሚው ብረቶን ነበር። ድንበር ለሌለው መንገድ መጥቶ ይህችን መንደር አየ፤ ወደዳት፤ ቤት ገዛባት፤ ሌላ ቦታ ብሆን ብሎ መመኘት እንዳቆመም ጻፈ። በቤቱ ደጅ ብዙ ቆየሁ። ይህን እንደ መሸነፍ የሚያዩ ይኖራሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ዓለምን የሚወድ ሰው አንድ ቦታ ሥር ቢሰድ የካደው ነገር የለም። ሥር የሌለው ሰው ለማን ዋስ ይሆናል?

በዚያው ሰኔ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። ዓለም በሁለት ጎራ ተከፈለ፤ የካኦር እንቅስቃሴም ቀዘቀዘ። እንቅስቃሴውን ያቀዘቀዘው ጦርነት ሲነሣ ግን የእኛ ሰዎች ስምም አብሮ ይነሣል። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮሪያ ገባ። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ሞተዋል፤ ከዘመቱት መካከል ግን አንድም አልተማረከም። ንጉሡ ስሌት ነበራቸው የሚሉ አሉ፤ የአሜሪካን ወዳጅነት ፈልገው ነው ይላሉ። ስሌት አልነበረም አልልም። ግን ከ15 ዓመት በፊት ጄኔቫ ላይ አይመለከተንም የተባለ አገር፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሕዝብ ይመለከተኛል ብሎ ወታደር ላከ። ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የሄደው ወታደር ስሌቱን አያውቅም ነበር፤ ሌላ ሰው ተወርሯል ተብሎ ነው የሄደው። ስለ ዓለም ዜግነት ስንናገር የእነዚያን ሰዎች ስም የምንዘነጋው ለምንድን ነው?

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ራሳችን ደጅ ሳልመለስ መቅረት አይሆንልኝም። በእኛ ከተሞች ተወልደው በ1998 የተባረሩ ሰዎች ዛሬ አስመራ፣ ጄኔቫ፣ ስቶክሆልም፣ ዳላስ ይኖራሉ። ወላጆቻቸው የተቀበሩበትን ቤተ ክርስቲያን ለማየት እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ቪዛ ይጠይቃሉ። የተወለዱበትን አገር ዜግነት መልሰው መጠየቅ ለሚፈልጉት ግልጽ የሆነ፣ ለሁሉም የሚሠራ መንገድ ይከፈትላቸው። ማስረጃ የለም እንዳይባል ማስረጃው ሞልቷል። የክርስትና ምስክር ወረቀት አለ። የትምህርት ቤት ካርድ አለ። የእድር መዝገብ ላይ የአባትና የእናት ስም ከነመዋጮው ተጽፏል። ዋስ የሚሆኑ ጎረቤቶችም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷልና መጠየቅ ያለባቸው አሁን ነው።